ያላሞቅኳት ማንኪያ

የልጅ ልጄ ሜሮን ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ስትመጣ በባትሪ የምትሽከረከር ትንሽ የወተት መምቻ ይዛልኝ መጣች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚመጣልኝ ሁሉ ወይ ነጠላ ጫማ ነው ወይ የደም ግፊት መለኪያ፤ ስለዚህ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አፏን እስክትከፍት ድረስ ነበር። ቀዝቃዛ የወተት አረፋ የሚባል አዲስ ነገር መጥቷል፣ በበረዶ ቡና ላይ ይደረጋል፣ ቤት ውስጥም ይሠራል እያለች ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ታሳየኝ ጀመር። አዲስ ነገር አለችልኝ! እኛ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ያ ሙቀት አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ስንሠራው የኖርነውን እኮ ነው።

እስቲ ትሥራ ብዬ ዝም አልኳት። ወተቱን ከነቅባቱ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ብርጭቆ ውስጥ ደፍታ መምቻዋን ከተተችበት። ትንሽ ተነሳና ወደቀ። ያን ጊዜ ተነሺ ብዬ አስነሳኋትና እንደሚገባው ነገርኳት። ወተቱ ይፈላል፣ ያድራል፣ ጠዋት ስልባቦቱ ይገፈፍለታል፤ ቅባት ያለበት ወተት ቀዝቃዛ አረፋ አያቆምም። ከዚያ ጣት እስኪያደነዝዝ ይቀዘቅዛል። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ጠርሙስ ግማሹ ድረስ ብቻ ይሞላል። በረጠበ ጨርቅ ይዘሽ፣ ከክንድሽ ሳይሆን ከእጅ አንጓሽ፣ አጭር አጭር እያደረግሽ ትመቺዋለሽ። እንደ ቅቤ ናጭ ወዲያ ወዲህ ካልሽው ቅቤ ነው የሚሆንልሽ። ጆሮሽን ስጪው፤ መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፣ ኋላ ድምፁ ይጠፋል። ድምፁ ሲጠፋ አቁሚና ጠርሙሱን መዳፍሽ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጊው፣ ትልልቁ አረፋ ይፈንዳ። ከዚያ ጥቂት አቆይተሽ በማንኪያ እያነሳሽ ቡናው ላይ አስተኚው።

በማግስቱ እንዳልኳት አደረገች፤ ቆመላት። ብርጭቆውን ይዛ ለጎረቤታችን ለዘሃራ ላድርስላት ብላ ስትነሳ ወተቱን ቀምሳው እንደሆነ ጠየቅኳት። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ሜሮን ጿሚ ናት። እንዴት እቀምሳለሁ፣ ደግሞስ ባለሱቁ ጥሩ ነው ብሎኛል አለችኝ። ይህን ስትለኝ ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቄ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። ድሮም ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ነኝም። ግን ለምን እንደሆንኩ ልንገራት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ሲና ነው፣ በአንዲት መበለት ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ። አብዮቱ መጣ፣ ሆቴሉ ተወረሰ፣ ሴትዮዋም በዚያው ታማ አልጋ ላይ ቀረች። እኔን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጥተው ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት አዛወሩኝ። ከዚያ ብርድ ወርጄ ወደዚያ ሙቀት ስገባ ሳምንት ሙሉ ራሴን አመመኝ። የተመደብኩበት ሆቴል እንደዚሁ የተወረሰ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም። የደመወዙን ነገር ተዉት፤ የምንፈርመው ወረቀት ከምንበላው እንጀራ ይበዛ ነበር።

የቡና ማሽኑን የያዙት ጋሼ ሰይድ የሚባሉ አርጎባ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ደሴ አንድ ፈረንጅ ቡና ቤት ሠርተዋል። ቢራ አይቀዱም፣ የቢራ ብርጭቆም አይነኩም፤ የእሳቸው ቡናና ወተት ብቻ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ። ጠርሙስ ሲመቱ አይናገሩም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢጠራቸው መልስ አይሰጡም። ጠርሙሱን ጆሯቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚመቱት። ሲጨርሱ «በል እንግዲህ፣ ተኛ» ይሉታል አረፋውን። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሳቅሁ። ሁለት ቀን ጠርሙስ አላስነኩኝም።

ያንን መጠጥ ከአሰብ የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ስም አውጥተውለት ነበር፤ «ደብረ ሲና» ይሉታል። ከታች ጥቁር ቡና፣ መሐሉ በረዶ፣ አናቱ ላይ ጉም የመሰለ አረፋ። ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ ይገቡና አንድ ደብረ ሲና ብለው ይቀመጣሉ። ወተቱም በእውነት ከደብረ ሲና ነበር የሚመጣው፣ በጠዋቱ አውቶቡስ፣ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ። የአካባቢያችን የቀወት ሴቶች በታጠነ ቅል የሚያመጡት ወተት ለመጠጣት ወደር የለውም፤ ለዚህ ሥራ ግን ቅባቱ አረፋውን ይጥለዋል፣ ጭሱም ከቡናው ጋር ይጣላል። በረዶውን የሚሠራልን በላምባ የሚነድ አሮጌ ፍሪጅ ነው። ላምባ ሲጠፋ ፍሪጁ ቁምሳጥን ይሆናል።

ጋሼ ሰይድ ያልተቀመሰ ወተት ከመደርደሪያው አያልፍም። ይህ የእሳቸው ሃይማኖት ነበር ብል ይቆጡኛል እንጂ፣ ነበር። ታዲያ ጿሚ ናቸው፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ስለዚህ ምላስ እንበዳደር ነበር። በሁዳዴ፣ በፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ እሳቸው ይቀምሱልኛል፤ ረመዳን ሲገባ እኔ እቀምስላቸዋለሁ። «ጽጌ፣ ምላስሽን አበድሪኝ» ይሉኛል። ቀምሼ የምላቸውን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥር አሥር ቀን እያፈገፈገ ይመጣል። በደርግ መጨረሻ ግድም አንድ ዓመት መጥቶ ከሁዳዴ ጋር ገጠመ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ያኔ ነው፤ ሁለት ወተት ሠሪዎች፣ አንድም ወተት የሚቀምስ የለም። ጋሼ ሰይድ ይህ ቀን እንደሚመጣ ያውቁ ኖሮ ብልሃቱን ቀድመው አዘጋጅተዋል። አንዲት የብረት ማንኪያ አውጥተው ወተት ጠብ አደረጉባትና እሳት ላይ ያዟት። ደህና ወተት ይንተከተካል፣ ይነሳል፣ ይኸው ነው። የተበላሸ ወተት፣ ገና ለምላስ እንኳ ሳይታወቅ፣ እሳት ሲነካው ውሃውና አይቡ ይለያያል። «ምላስ ይጾማል፣ ማንኪያ አይጾምም። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ ሳታሞቂያት ወተት እንዳታወጪ» አሉኝ።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ልምጣ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ መኩሪያ ይባላል። ከዚያ ነገር ወዲህ ስለ እሱ ሳወራ አንቱ ማለቱን ትቻለሁ። ወተትና የኖራ ውሃ አይለይም፤ ስብሰባ ግን ይችልበታል። ሐሙስ ሐሙስ ሠራተኛውን ሰብስቦ ጾም ሰፊውን ሕዝብ አዳክሞ መግዣ ነው እያለ ሁለት ሰዓት ያደርቀናል። እኔ ሆዴን ይዤ፣ ጋሼ ሰይድ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ እሱን እንሰማለን። ጭብጨባውንም አስጨብጭቦን ነው የሚለቀን።

ሁለቱ ጾም በገጠሙበት በዚያ ዓመት፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ከበላይ አካል እንግዶች መጡ። አምስት ናቸው፣ ከነጠባቂዎቻቸው። አለቃቸው መንገድ ላይ ስለ ደብረ ሲና ሰምቶ ኖሮ ገና ከመኪና ሳይወርድ አምጡልኝ አለ። በሁዳዴ፣ በረመዳን ወተት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሚጠጣ ስለሌለ ከደብረ ሲና የሚላክልንም ቀንሷል፤ ያለን ወተት ከትናንት በስቲያ የመጣ፣ ተፈልቶ የተቀመጠ ነው። ሌሊቱን ደግሞ ፍሪጁ ላምባ ጨርሶ አድሯል። የምድጃውን ላምባ ጠዋት ገልብጠን ለፍሪጁ ሰጠነው። ስለዚህ ማንኪያዋን የማሞቅበት እሳት አልነበረኝም። ጓሮ ሄዶ ከሰል ማቀጣጠል ነበረብኝ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ጋሼ ሰይድ ለቀትር ሶላት ወጥተዋል። ጓድ መኩሪያ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ከመደርደሪያው ጀርባ መጣና ምን ትጠብቂያለሽ ብሎ አፈጠጠብኝ። ወተቱ ሳይፈተን አይወጣም፣ ከሰል ላቀጣጥል አልኩት። ሰዎቹ ተቀምጠው አንቺ ከሰል ታራግቢያለሽ ወይ አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፣ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ይህ ሰው ጾም አያውቅም፤ አፉ ክፍት ነው። እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱት ብዬ በስኒ ቀድቼ ሰጠሁት።

ስኒውን ተቀበለኝ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አንገቱን ቀና አደረገ። ተመለሰና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ጥሩ ነው። አቅርቢ» አለኝ።

አመንኩት። ጠርሙሱን አንስቼ መታሁ፤ አረፋው እንዴት አምሮ ቆመ መሰላችሁ። አምስት ብርጭቆ ሠርቼ ትሪው ላይ ስደረድር ጋሼ ሰይድ ከሶላት ተመለሱ፣ ክንዳቸው ላይ የውዱእ ውሃ ገና አልደረቀም። ትሪውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ማንኪያዋን አሞቅሻት?»

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው።

ይቺን ቃል ለምን እንዳወጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። አላሞቅኳትም፣ ሰውዬው ቀመሰው ብል ምን ነበረበት? ያው ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ ተቆጥተው ወተቱን ይደፉታል፤ እንግዶቹ ትንሽ ይቆያሉ፤ በቃ። አንድ ቁጣ ፈርቼ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ።

የእንግዶቹ አለቃ አንዴ ተጎነጨና መሬት ላይ ተፋው። ሌላኛው ውጦት ነበርና ወደ ውጭ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። አሻጥር ነው ተባለ፣ ፀረ ሕዝብ ነው ተባለ፣ ሆን ተብሎ ነው ተባለ። ጓድ መኩሪያ ከሁሉም በላይ እሱ ጮኸ፤ ወተቱን ያዘጋጀው ማነው እያለ። እኔ አጎንብሼ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጋሼ ሰይድ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ወደፊት ወጡ።

«ወተቱ በእሳት ተፈትኖ ደህና ነበር። ወተቱ ደህና ከነበረ ያበላሸው ጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሊያድኑኝ ብለው የተናገሩት አይደለም። ያመኑትን ነው የተናገሩት። እኔ አዎ ስላልኳቸው፣ ሃያ ዓመት ጠርሙስ ያጠበውን የገዛ እጃቸውን ጠረጠሩ። ቀበሌው እስር ቤት ወስዶ ሁለት ወር አስቀመጣቸው። ኢዳቸውን እዚያው አሳለፉ። ሲፈቱም ወደ ማሽኑ አልተመለሱም፤ ተሰናብተዋል የሚል ደብዳቤ ጠበቃቸው።

የተያዙ ዕለት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መስኮቱን ልዘጋ መጋረጃውን ስገልጥ ያቺን ስኒ አገኘኋት። እስከ አፏ ሙሉ ናት። ፀሐይ ሲመታት ውሎ ውሃውና አይቡ ተለያይቷል። ጓድ መኩሪያ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም።

ስኒዋን ይዤ ቢሮው ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አያት። ተነስቶ በሩን ዘጋ። ያ ሐሙስ ሐሙስ የሚያደነቁረን ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፎ አያውቅም፤ ቤቱ በር ዘግቶ ነው የሚጾመው። ይህንን የነገረኝ በሹክሹክታ ነው። መጾሙን አልኮነንኩበትም፤ የእኔው ጾም ነው። ጥሩ ነው ማለቱን ነው። አልቀምስም ቢለኝ እኮ ሄጄ ከሰሌን አቀጣጥል ነበር። ነገ ሄደው እውነቱን ይናገሩ አልኩት።

«እኔ ከተናገርኩ እጠፋለሁ፤ አንቺም ማንኪያዋን አላሞቅሽም» አለኝ።

ትንሽ ጊዜ ነው፣ ሰይድ ይፈታል፣ እኔ እከታተላለሁ አለ። እኔም ስኒዋን ይዤ ወጣሁና አጠብኳት። አዎ፣ በገዛ እጄ አጠብኳት። እስር ቤቱ በር ድረስ ማፍጠሪያ ይዤ እየሄድኩ፣ ምግቡን ለዘበኛ ሰጥቼ፣ አንዲት ቃል ሳልልክ እመለስ ነበር። በወሩ የማሽኑ ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። በጋሼ ሰይድ ቦታ ቆምኩ፣ በጋሼ ሰይድ ማንኪያ። ሾፌሮቹ ሽማግሌው የት ሄዱ ሲሉኝ ጡረታ ወጡ እላለሁ። ሌላ ውሸት።

መንግሥት ተለወጠ። ጓድ መኩሪያ ጓድነቱ ቀርቶ የት እንደገባ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ጋሼ ሰይድ ካራቆሬ መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ከፍተዋል ሲሉ ሰማሁ። ከሸዋ ሮቢት ካራቆሬ ምን ያህል ነው? ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ። እኔ ግን ዓመታት ፈጀብኝ። በአውቶቡስ ሳልፍ እንኳ በዚያ በኩል አልቀመጥም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ካራቆሬ ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ረመዳን ነው፤ ያን ዓመት ሁዳዴ ገና አልገባም። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። አርጅተዋል፤ ሸሚዙ ግን እስከ አንገት ተቆልፏል። ጠርሙስ እያጠቡ ነበር። በፈላ ውሃ አጠቡት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። እንደገና አጠቡት፣ አሸተቱት። እንደገና አጠቡት። ሁለት ሾፌሮች ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ሽማግሌው ይቺን ጠርሙስ ሊጨርሷት ነው ብሎ ሲቀልድ ሌላው ሁልጊዜ እንደዚሁ ናቸው አለው። ድሮ አንድ ጊዜ ነበር የሚያጥቡት። እኔ አውቃለሁ፣ አጠገባቸው ቆሜ ኖሬያለሁ።

ገብቼ ሰላም አልኳቸው፤ አወቁኝ፣ ደስም አላቸው። ደስታቸውን ሳያበዙት ልናገር ብዬ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንኪያዋን እንዳላሞቅኳት፣ የስኒዋን ነገር፣ እኔም እንዳጠብኳት። ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር ጋሼ፣ እጅዎ ንጹሕ ነበር አልኳቸው። እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ያን ሁሉ ጊዜ እጄን ስጠረጥር» አሉ። እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ጠረጉ። «አላህ ይቅር ይበልሽ ጽጌ። እኔ ገና ነኝ።»

ይገባኛል ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ልወጣ ዞርኩ።

«የት ትሄጃለሽ? ጾመኛ ነኝ፣ ሰዎቹ ይጠብቃሉ» አሉኝ። በስኒ ወተት ቀድተው ዘረጉልኝ። «ምላስሽን አበድሪኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ተቀበልኩ። ቀመስኩት። ሾፌሮቹ ያዩኛል፣ እሳቸው ያዩኛል። ከዚህ ሌላ ወተት ቤቱ ውስጥ እንደሌለ ከባዶው ማሰሮ አይቻለሁ። ጥሩ ነው ብዬ ደስ ባሰኘኋቸው እንዴት በወደድኩ።

«ብልሽት ነክቶታል ጋሼ» አልኩ።

ማንኪያ አነሱ፣ ጠብ አደረጉባት፣ ምድጃው ላይ ያዟት። ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። ተለያየ። ጋሼ ሰይድ ማሰሮውን አንስተው ወተቱን በሙሉ ደጅ ደፉት፤ ለሾፌሮቹም ዛሬ ደብረ ሲና የለም፣ ሻይ ጠጡ አሏቸው። ተመልሰው ሲገቡ ያቺን ጠርሙስ አነሱ፣ አንድ ጊዜ አጠቧትና ገልብጠው አስቀመጧት።